የሦስተኛው ቅጽ ጀርባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እታለም፦

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የሆነው። ሰዓቱን የማውቀው ሙጫውን ልክ በአራት ሰዓት ስለቀባሁትና እስኪይዝ ሩብ ሰዓት ስለሚፈልግ ነው። ሩብ ሰዓቱን ላሳልፍ ስልኬን ከፈትኩ። አንቺ የምታዘጋጂው የወሩ «ቃርሚያ» ድረ ገጻችሁ ላይ ወጥቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ከላይ ጀመርኩ። አንደኛ፦ በየሕንጻው እየዞረ የአሳንሰር ድምፅ እየቀዳ ድረ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ጡረተኛ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለተኛ፦ መንገድ ላይ ወድቀው የተገኙ የአንድ እጅ ጓንቶች ሁሉ የተመዘገቡበት ካርታ። «የኔ እህት እኮ ናት» አልኩ ለራሴ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰባተኛው ላይ የገዛ እጄን አየሁ።

እጄን ነው የምልሽ፤ አውራ ጣቴ ላይ ካለው የመርፌ ጠባሳ ጋር። ከእጄ ሥር ዘጠኙ የወረቀት ቁራጮቼ ተደርድረዋል። ከፎቶው ግርጌ ምን ተጽፏል? «የጠፋ ፍቅር ደብዳቤ፣ በአሮጌ መጻሕፍት ጀርባ ውስጥ። ያገኘችው፦ ባለካሜራዋ።»

ብሩሹ ከእጄ ወድቆ ቀሚሴን አበላሸው። ስደውልልሽ ዘጋሽብኝ፤ ከዚያ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይኸው ምን እንደሆንኩ። በስልክ ስለምትዘጊብኝ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ወረቀት አይዘጋም።

ከረሳሽው ላስታውስሽ። እኔ አሥራ ሁለት፣ አንቺ አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። በየወሩ መጨረሻ አንድ ወረቀት ፊትና ጀርባውን እንሞላለን፤ አንቺ ከኢንተርኔት አምስት ጉድ፣ እኔ በእግሬ ዞሬ አምስት ጉድ። ስሙን «ቃርሚያ» ያልሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ጮክ ብላ ታነብልናለች። አንድ ጊዜ የመቀስ ድምፅ የሚያወጣውን የጸጉር አስተካካዩን በቀቀን ማን ቀድሞ እንደሰማው ተጣልተን አራት ቀን ተኮራረፍን። አባዬ ነው የገላገለን፦ «ያገኘው ሰው ስም ካልተጻፈበት አይገባም።» ሌላ ሕግ ኖሮን አያውቅም። አንድ ብቻ ነበረን።

ስለ ቁራጮቹም ታውቂያለሽ። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ባለ አሥራ አንድ ቅጽ መዝገበ ዕውቀት አንድ በአንድ ወደ ጥገና ሲመጣልኝ፣ ድሮ የጠረዘው ሰው አንድ ደብዳቤ አሥራ አንድ ቦታ ቆራርጦ በየመጽሐፉ ጀርባ ለጥፎት አገኘሁ፤ በየቅጹ አንድ መስመር። ዘጠኙን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሦስተኛውና ስምንተኛው ቅጽ ገና ጤነኛ ናቸው፤ ጀርባው ያልተሰበረ መጽሐፍ ደግሞ አይከፈትም። የሙያዬ ሕግ ነው። ስለዚህ እጠብቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ብቻ ፎቶውን ልኬ «እስኪሞላ አደራ» አልኩሽ። «እሺ የኔ መርፌ» አልሽኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስሜን ከምታወጪ እጄን ማውጣት አይቀልሽም ነበር?

ታናሽሽ

*

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የኔ መርፌ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ፣ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋን ብቻ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ።

ይቅርታ። እሱን በመጀመሪያ ልበል። ቀሚስሽን በተመለከተም ይቅርታ፤ አረንጓዴው እንዳይሆን ብቻ።

አዎ፣ አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አይ፣ እንዲህ እንዲሆን አላሰብኩም። አርታዒያችን በእግር የተገኘ ነገር ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ሰው ስም ይውጣ ብሎ ደንብ አውጥቷል። ለምን በባለካሜራችን ስም እንደሆነ ብትጠይቂኝ ደግሞ፣ ከተማውን በእግሯ የምታዳርሰው እሷ ስለሆነች ነው፤ አንባቢ ያምናታል። ብታውቂያት ትወጃታለሽ። እንዳንቺው ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም። ባለፈው አንድ የሰዓት ሠሪ ሱቅ አገኘች፤ ሁለት በር አለው፣ በአንዱ በር ስትገቢ ሰዓቱ ሁሉ ትክክል ነው፣ በሌላው ስትገቢ ሁሉም ቆሟል። ሰውዬው የሞቱትን ሰዓቶች በዚያ በኩል ነው የሚያኖራቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንስቅ ቆየን።

ሰባተኛውን አርባ ሺህ ሰው አነበበው። አርባ ሺህ! ትንሽ እንኳ ደስ አይልሽም? ነገሩ ያንቺ ነው፤ እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ለሌላው ሰው ምን ለውጥ ያመጣል? ቅናት ነው እንዳልል እፈራለሁ።

ሌላም የምነግርሽ ነገር አለ፤ በወረቀት አይሆንም፣ በአካል ይሻላል። እማዬን ሳሚልኝ።

እታለምሽ

*

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

እታለም፦

አትፍሪ፣ በይው። ቅናት ነው። ስሙን ስላልሽው የሚቀንስልኝ መስሎሽ ከሆነ አልቀነሰልኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትስቁ ቆያችሁ የሚለውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን ፎቶ ደግሞ አጉልቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለታችሁ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ያንቺ ግራ ትከሻ እየበሰበሰ። ከኔ ጋር ስትሄጂ ጃንጥላውን ወደ ራስሽ ነበር የምትስቢው።

ቀሚሱ አረንጓዴው ነው።

አንቺ ስለነገርሽኝ ሳይሆን እዚህ ስለሆነው ነገር ልንገርሽ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሰኞ ጠራችኝ። ጽሑፉን አትማ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ጠባሳውን በየቀኑ ታየዋለች።

«ይሄን ለውጭ ሰው የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«ለእህቴ ነው።»

«እህትሽ ባለካሜራዋ ናት?»

አይደለችም አልኩ። ታዲያ ማናት አለችኝ። እስቲ ምን ልበል? ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሌላ ሰው አገኘው ተብሎ የወጣ ጽሑፍ ፊት ቆሜ፣ ሌባዋ እኔ ሆንኩ። ዘጠኙን ቁራጮች በፖስታ አድርጋ ቁም ሳጥን ቆለፈችባቸው። እውነቷን ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ናቸው። ግን እስኪሞሉ እጄ ላይ እንዲቆዩ ታምነኝ ነበር፤ አሁን ወደ መደርደሪያዎቹ ስወጣ ማስፈረም ጀምራለች። እኔን! እያንዳንዱን መጽሐፍ ከአከርካሪው የማውቀውን ሰው!

ዘበኛው ብቻ ነው ያሳቀኝ። «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ባለካሜራዋ ያገኘችውን ደብዳቤ ልናይ ነው እያሉ ሰዎች በሩን አጨናነቁት። ጠራዥ ምድር ቤት አለች ብላቸው እሷ ምን አገባት ይሉኛል።»

እውነት ነው፣ ምን አገባኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። ሰሞኑን እግሩ በዝቷል።

በአካል ይሻላል ያልሽውን በወረቀት ጻፊው።

መርፌ

*

ዓርብ፣ ኅዳር 28

የኔ እህት፦

በወረቀት ጻፊው ስትይኝ ነገሩ እንደደረሰሽ ገባኝ፤ እማዬ ናት አይደል የነገረችሽ? ምስጢር ሆዷ ውስጥ አንድ ሌሊት አያድርም። ሳምንት ጠብቂኝ ብያት ነበር።

አዎ፣ እውነት ነው። «ቃርሚያ» መጽሐፍ ሊሆን ነው። የሦስት ዓመቱ ምርጥ መቶ ግኝቶች፣ በባለካሜራዋ ፎቶ። አዎ፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፤ የኔና የሷ። አዎ፣ የሽፋኑ ሥዕል ያ ደብዳቤ ነው፤ ርዕሱም ከሱ የተወሰደ ነው፣ «እጄ ባዶውን ቀረ»። አርታዒው ካነበበው ጀምሮ ሌላ ርዕስ አልሰማም አለ። ሥራሽ ላይ ያመጣሁብሽን ጣጣ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ እማዬን! ለኃላፊዋ ልጽፍላት እችላለሁ።

ግን ስሚኝ። ያንቺን ድርሻ አልረሳሁም። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ያንቺ ነው፦ «ለታናሽ እህቴ፣ ማየትን ላስተማረችኝ።» ይሄ ከስም አይበልጥም?

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሦስተኛውንና ስምንተኛውን ቅጽ በቀስታ ብትከፍቻቸውስ? አንቺ እኮ መልሰሽ ስትጠርዢው ማንም አያውቀውም። ማተሚያ ቤት የሚገባው ታኅሣሥ ሃያ አምስት ነው። ደብዳቤው ሙሉ ቢሆን እንዴት እንደሚያምር አስቢው። ያቺ ሴት ምን ያህል እንደወደደችው!

እወድሻለሁ፤ ይሄን በየመስመሩ መሃል አንብቢው።

እታለምሽ

*

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

እታለም፦

መጀመሪያ ስለ ፉጨቱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክር በሰም እያሸሁ ሳለ ከምድር ቤቱ በር ፉጨት ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚወጣ። የኛ ፉጨት። ገበያ ውስጥ ስንጠፋፋ የምንጠራራበት፣ አባዬ እንኳ መልመድ ያቃተው። ሁሉን ረሳሁት። ፎቶውን፣ ሽፋኑን፣ ጃንጥላውን፣ ሁሉን። መጣች ብዬ መርፌውን ጥዬ ሮጥኩ። እንዴት እንደሮጥኩ ብታዪ ኖሮ ሌላ ይቅርታ አልፈልግም ነበር።

በሩ ላይ የቆመችው ግን ባለካሜራዋ ናት፤ ለመጽሐፉ ፎቶ ልታነሳ ከናንተ ከተማ ድረስ መጥታ። ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየሳቀች። «እህትሽ በዚህ ከጠራሁሽ እንደምትወጪ ነግራኛለች» አለች።

እታለም፣ ስሜን ስትወስጂ ተናደድኩ። ፉጨታችንን ሰጥተሻት ስሰማ ግን አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ላባርራት ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እጄን አየችው። ጠባሳውን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ እጅ ያንቺ ነው?» አለችኝ።

«የማን ይመስልሻል?»

«የእህትሽ። ደብዳቤውን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብላኛለች። ስጦታ ነው የሰጠችኝ። ቅጥሬ ሊቋረጥ ሲል፣ ይሄ ባንቺ ስም ይውጣና ሥራሽ ይጸናል ብላ።»

በመስኮቱ እግሮች ያልፋሉ።

የደንብ ነገር ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ እኮ! ደንብ አልነበረም። ስጦታ ነበር። ከኔ ላይ አንስተሽ፣ ለራስሽ አድርገሽ፣ ለሷ ሰጠሽ። ደግነትሽ እንኳ በኔ ዕቃ ነው። ልጠላት ብዬ ወር ሙሉ የተዘጋጀሁባት ልጅ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ውሃ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ፤ ልጠላት ስላልቻልኩም ተናደድኩ። መሐረቤን እንኳ አጥፋ ነው የመለሰችልኝ። ጥሩ ሰው ናት፣ የት አባቷ!

አሁን ስለለመንሽኝ። ሦስተኛውን ቅጽ አልከፈትኩትም። ያንቺ አርባ ሺህ ሰው ከፈተው። ደብዳቤውን ማየት ቢያቅታቸው መጽሐፉን እንንካው እያሉ ስንቱ አገላበጠው፤ ማክሰኞ ጀርባው ለሁለት ተሰነጠቀ። ኃላፊዋ ራሷ ይዛው ወረደች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ያናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል «ታክሚዋለሽ?» የሚል ነው። የሚያክመው ሌላ ሰው የላትም።

ከጎኔ ቁጭ አለች። ጨርቁን አነሳሁ፣ አሮጌውን ሙጫ አረጠብኩ፣ ቁራጩ ተላቀቀ። አሁን በቦታው አድርጌ ልጻፍልሽ፤ በየቅጹ ተራ።

ጤና ይስጥልኝ።
ከሄድክ እነሆ ሦስት ወርህ ነው።
መቀሴንና ማጠፊያ አጥንቴን ይዘህብኝ
መሄድህን ያወቅሁት ከራቅህ በኋላ ነው።
እጄ ባዶውን ቀረ።
የሰው ተውሼ ሞከርኩ፤
የራሴን ያህል አልሆነልኝም።
[ስምንተኛው አልተገኘም]
እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ።
ካልመጣህ እኔው እመጣለሁ።
ማን እንደጻፈልህ አይጠፋህም።

መቀሷን ነው የምትጠይቀው። መቀሷንና ወረቀት የምታጥፍበትን አጥንት! ጠራዥ ናት፣ እንደኔ። አብሯት የሚሠራው ሰው መሣሪያዋን ይዞ ሄደ፤ እሷ ጻፈችለት፤ እሱ ደብዳቤዋን ቆራርጦ መጽሐፍ ለጠፈበት። ሳቅኩ። ኃላፊዋም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሁለታችንም ሳቃችንን አቆምን። እማዬ ብቻ ናት እፎይ ያለችው፤ «የሰው ተውሼ ሞከርኩ» የሚለውን ለጎረቤቶች ስታነብ የሰው ባል መስሏት ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

እናንተ ይህችን ሴት ፍቅረኛ አደረጋችኋት። የጎደለውን መስመር ሳትጠብቁ።

ታናሽሽ

*

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

እህቴ፦

ብዙ አልጽፍም። ፉጨቱን ለምን እንደነገርኳት ጠይቀሽኛል በእማዬ በኩል። እዚህ ከተማ ማንም በዚያ አይጠራኝም። አንድ ሰው እንዲጠራኝ ፈለግሁ። ይሄ ነው።

ደንብ ያልኩሽ ውሸት ነው። አገኘሁት ያልኳትም ውሸት ነው። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ስታደንቀኝ መመለስ አቃተኝ። አንቺ እንደ ድሮው ስታደንቂኝ ያየሁ ያህል ነበር።

ግን እባክሽ፣ በሞቴ፣ ሦስተኛውን ቁራጭ እስከ ሃያ አምስት ድረስ ብቻ አታውጪው። መጽሐፉ ይውጣ። ርዕሱ፣ ሽፋኑ፣ ሁሉም በሱ ላይ ነው የቆመው። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው እትም አስተካክላለሁ፤ ስምሽንም ያኔ አስገባለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ነው። ለኔ ብለሽ።

እታለም

*

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

እታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል። እኔም ደህና ነኝ፤ ቀሚሱ ግን አልለቀቀም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ቀድሞም ቢሆን ግን ብደብቀው እንዴት ደስ እንደሚልሽ አስቤ አንድ ቀን ሙሉ አላመነታሁም ብልሽ ውሸት ነው። ለአርታዒሽ ጽፌ በአደባባይ ላሳፍርሽም አስቤያለሁ፤ ደብዳቤውን ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ጥሩ ነበር፣ ልብ የሚቆርጥ። አልላክሁትም። ግን አልደበቅሁም። ኃላፊዋ አሥሩን ቁራጮች መግቢያው አዳራሽ መስታወት ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ለስምንተኛው ባዶ ቦታ ትተንለታል። ካርዱን እኔ እንድጽፈው አዘዘችኝ፦ «ከአንዲት ጠራዥ ለሥራ ባልደረባዋ፤ መሣሪያዎቿን እንዲመልስላት። ያገኘችው፦ የዚህ ቤት ጠራዥ።» ከሥሩ ስሜንና ቀኖቹን ጻፍኩ። ማስፈረሙም ቀርቷል። ዘበኛው አሁን ለሚመጣው ሁሉ «ባለቤቷ ምድር ቤት አለችላችሁ» እያለ ይልክብኛል፤ ሥራ አላሠራ አለኝ።

ባለካሜራዋ ሐሙስ ተመልሳ መጥታ ካርዱን ፎቶ አነሳች። አልፎጨችም፤ በሩን አንኳኳች። ስሟን ከሰባተኛው ላይ እንዲነሳ ራሷ ለአርታዒው ጽፋለች፤ ሥራዋን ምን እንደሚያገኘው አላውቅም አለችኝ። ሽፋኑን የማውጣትና የመተው ጉዳይ የናንተ ነው። መቀስ የጠፋባት ሴት ግን ከእንግዲህ ፍቅረኛ አትሆንላችሁም።

ስምንተኛውን ለጠየቅሽኝ፦ ጀርባው ጤነኛ ነው። አልከፍተውም። እኔ በሕይወት እያለሁ ላይሰበር ይችላል። ይሁን።

የዚህ ወር «ቃርሚያ» ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ በድሮው ወረቀት ልክ፣ ፊትና ጀርባ። በእግር የተገኙት አምስቱ ሞልተዋል። ከአውቶቡስ መቀመጫ ሥር በሚስማር የተጫረ የመንገዱ ካርታ፤ ያገኘሁት እኔ። አሥራ ሰባት ዓመት የአንድ ዛፍ ጥላ በየቀኑ የለካ ሰው ደብተር፤ ያገኘው ዘበኛው፣ ስሙን ጽፌያለሁ። መጨረሻ ላይ የማስታወቂያው ሥዕል ደብዝዞ ሁለቱ ጎማዎች ብቻ ስለቀሩ ደንበኞቹ ማንበቢያ መነጽር ይሸጣል የሚሉት የብስክሌት ጠጋኝ፤ ያገኘችው ባለካሜራዋ፣ እውነትም እሷ ናት ያገኘችው። ያንቺ አምስቱ ቦታ ባዶ ነው።

በባዕድ ከተማ ማንም በፉጨታችን እንደማይጠራሽ ስትጽፊልኝ ሆድ ባሰኝ። ብትጠይቂኝ ኖሮ መጥቼ መስኮትሽ ሥር ቆሜ አፏጭልሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም፤ ወሰድሽብኝ።

ስለዚህ ከእንግዲህ የማልቀበለውን ጽፌልሽ ላብቃ። ስሜ በሌለበት ገጽ ላይ እጄ እንዲታይ አልቀበልም። የኔን ለሌላ ሰጥተሽ ለኔ የመጀመሪያ ገጽ እንድታበረክቺልኝ አልቀበልም። በሁለተኛው እትም መባልን አልቀበልም። ቅናት ነው ተብዬ አፌ እንዲያዝ አልቀበልም፤ ቅናት ነው፣ እውነትም ነው፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። የሁለታችንን «ቃርሚያ» «የኛ» ብለሽ ብቻሽን እንድትፈርሚበትም አልቀበልም።

ያቺ ሴት «ካልመጣህ እኔው እመጣለሁ» ብላ ነበር። እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልመጣሽ ግን እኔ አልመጣም።